መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጠፋው ስካነር

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ዴስክቶፑ ዴቢያን 12 (ሊኑክስ) ነው፤ ካኖን ላይድ 110 ስካነር በዩኤስቢ ተሰክቶበታል። ሞኒተሩን ለደኅንነት ካሜራው ስላዋልነው ጠዋት ጠዋት ብቻ ገመዱን ቀይረን፣ በሠራተኛው አካውንት ገብተን፣ ሞኒተሩን መልሰን ለካሜራው እንሰጠዋለን። ከዚያ በኋላ ልጁ ባንኮኒው ላይ ካለው ላፕቶፕ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ከርቀት ገብቶ ትእዛዝ በመስጠት) እየገባ፣ ጓደኛዬ በጻፈልን አጭር ስክሪፕት ስካን ያደርጋል። ጠዋት ያለ ችግር ይሠራል። መብራት ሄዶ ከመጣ ግን ኮምፒውተሩ በራሱ ቢነሣም ‹ምንም ስካነር አልተገኘም› ይላል። በሱዶ ስናዘው ይሠራል። ጓደኛዬ ቻሞድ 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ የሚከፍተውን ትእዛዝ) ሰጥቶት ያን ቀን ሠራ፤ በማግስቱ መብራት ሲሄድ ያው ሆነ። አንድ ጠጋኝ ‹የመብራቱ መዋዠቅ ቦርዱን ነክቶታል› አለኝ፤ ሌላው ‹ሊኑክስ ይህን ስካነር አያውቀውም፣ ዊንዶውስ ጫን› አለኝ። ስካነሩን ልቀይር ወይስ ሲስተሙን?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይቀይሩ። ስካነሩ ደኅና ነው፤ ሊኑክስም ያውቀዋል። ማስረጃውን ራስዎ ጽፈውታል፦ «በሱዶ ስናዘው ይሠራል»። ሱዶ የተቃጠለ ቦርድ አያድንም፣ የሌለ ድራይቨርም አይፈጥርም። የሚጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥልጣን። ሥልጣን ሲጨመርለት የሚሠራ፣ ሲቀነስበት «የለም» የሚባል ዕቃ የጎደለው ፈቃድ ነው። ሁለቱም ጠጋኞች ተሳስተዋል። ጓደኛዎ ግን በሩ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ቁልፉን መፈለግ ትቶ በሩን ነቀለው እንጂ።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እዚህ የምጽፈው በንባባቸው ነው። ተርሚናል ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ትልቁንና ትንሹን ለይተው ይተይቡ። ለምሳሌ ስካነር የሚዘረዝረው ትእዛዝ «ስካንኢሜጅ» ተብሎ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ትልቁ ኤል ነው። ትንሹን ኤል ከጻፉ ፕሮግራሙ ስለ ወረቀቱ የግራ ጠርዝ እየነገሩት ይመስለዋል፤ ዝርዝር አይሰጥዎትም።

መጀመሪያ ያሳሳታችሁ መልእክቱ ራሱ ነው። «ምንም ስካነር አልተገኘም» ሲል ሰው «የተሰካ ነገር የለም» ብሎ ይረዳል። ፕሮግራሙ ግን ያለው ይህን አይደለም። ሊኑክስ ላይ ስካነርን የሚያንቀሳቅሰው «ሴን» የሚባለው ሥርዓት ነው። ሴን ለእያንዳንዱ የስካነር ቤተሰብ የተለየ ድራይቨር አለው፤ የእርስዎ ላይድ 110 «ጀነሲስ» በሚባለው ይሠራል። ይህ ድራይቨር ዕቃውን ለመክፈት ሞክሮ ፈቃድ ሲከለከል ብዙ ጊዜ አያጉረመርምም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ መልእክቱን «አንተ እንድትከፍተው የተፈቀደልህ ስካነር አላገኘሁም» ብለው ያንብቡት። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ስንት ጤነኛ ስካነር መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ።

ልጁ በራሱ አካውንት ሆኖ «ኤልኤስዩኤስቢ» ብሎ ቢያዝ ስካነሩ በስሙ ይወጣለታል፤ የአምራቹ ቁጥር 04ኤ9፣ የዕቃው ቁጥር 1909፣ ካኖን ላይድ 110። ስካንኢሜጅ ሲል ግን የለም ይባላል። አንዱ ያያል፣ አንዱ አያይም፤ እንዴት? ሊኑክስ ላይ የተሰካ ዕቃ እንደ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ኤልኤስዩኤስቢ «ባስ 001፣ ዲቫይስ 004» ካለ ፋይሉ /ዴቭ/ባስ/ዩኤስቢ/001/004 ነው። የዚህ ፋይል ባለቤት ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው የሲስተሙ አካውንት፣ ሲሆን ተራ ተጠቃሚ እንዲያነበው እንጂ እንዲጽፍበት አይፈቀድለትም። ስም ለማየት ማንበብ ይበቃል። መብራቱን አብራ፣ ሞተሩን ጎትት፣ መስመር በመስመር ላክ ብሎ ለማዘዝ ግን መጻፍ ያስፈልጋል። ልጁ የተከለከለው ይህን ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፣ ጠዋት ለምን ይሠራል?

ማንም አስቦበት ፈቃድ ስለሰጠው አይደለም። ዘመናዊ ሊኑክስ ላይ «ሎግኢንድ» የሚባል አገልግሎት አለ። ሥራው ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት፣ በዚያው ኪቦርድና ሞኒተር የገባውን ሰው እያየ፣ ለዚያ ሰው ብቻ ካሜራውን፣ ድምፁንና ስካነሩን መክፈት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከሩቅ በኔትወርክ የገባ ሰው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠን ሰው በካሜራ ማየት፣ በማይክ መስማት የለበትም። ስለዚህ ፈቃዱ የሚሰጠው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ነው። ሰውየው ሲወጣ ፈቃዱም ይነሣል፤ ሌላ ሰው ሲገባ ወደ እሱ ይዞራል።

እናንተ ጠዋት ገመዱን ቀይራችሁ በሠራተኛው አካውንት ስትገቡ ሎግኢንድ «ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል» ብሎ ይመዘግብና ስካነሩን ይከፍትለታል። ከዚያ ሞኒተሩን ነቅላችሁ ለካሜራው ስትሰጡት ምንም አይለወጥም፤ አካውንቱ እንደገባ ነው፣ ሎግኢንድም የገመዱን ነገር አያውቅም። ፈቃዱ የተሰጠው ለአካውንቱ ስለሆነ ያው አካውንት ከላፕቶፑ በኤስኤስኤች ሲመጣም በዚያው ፈቃድ ይገባል። በሌላ አነጋገር ቀኑን ሙሉ የምትሠሩት ጠዋት በሁለት ደቂቃ ባገኛችሁት ፈቃድ ነው።

መብራት ሲሄድ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሣል፤ ግን የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ላይ ሄዶ ይቆማል። ሞኒተሩ የካሜራውን ምስል እያሳየ ስለሆነ ይህን የሚያይ ሰው የለም። ወንበሩ ባዶ ነው። ልጁ ከላፕቶፑ ሲገባ ሎግኢንድ እንደ ሩቅ እንግዳ ያየዋል፤ ስካነሩን አይከፍትለትም። ቦርዱ ቢቃጠል ኖሮ በማግስቱ ጠዋት እንዴት ተነሣ?

እኔን አምነው እንዳይቀሩ በዐይንዎ ይዩት። መብራት ሄዶ በመጣበት ቀን፣ ምንም ሳትነኩ፣ ከላፕቶፑ ይግቡና በኤልኤስዩኤስቢ የስካነሩን ቁጥር ይዩ። ቁጥሩ በየሪስታርቱ ሊቀየር ስለሚችል የትናንቱን አይጠቀሙ። ከዚያ «ጌትኤፍኤሲኤል» ብለው የፋይሉን አድራሻ ከኋላው ይጻፉ። ማን ምን ፈቃድ እንዳለው በመስመር በመስመር ይወጣል። የመግቢያ ገጹ ጂዲኤም ከሆነ «ዩዘር፦ ዴቢያን-ጂዲኤም» የሚል መስመር ልታዩ ትችላላችሁ። አይደንግጡ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የመግቢያ ገጹ ራሱ ስለሆነ ፈቃዱን ወስዶታል። ስካን የማያደርግ አካል የስካነሩን ቁልፍ ኪሱ አስገብቶ ቆሟል ማለት ነው። ጠዋት ገብታችሁ ያንኑ ትእዛዝ ብትደግሙት በጂዲኤም ቦታ የሠራተኛውን አካውንት ስም ታገኛላችሁ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ካያችሁ በኋላ ስለ ቦርዱ የሚነግራችሁን ሰው አትሰሙም።

አሁን ወደ መፍትሔው። መጀመሪያ የማይሆኑትን ላንሣ፤ የተሞከሩ ስላሉ።

ቻሞድ 777 ያን ቀን የሠራው የፋይሉን በር ስለከፈተ ነው፤ በማግስቱ የከሸፈው ደግሞ ያ ፋይል ዲስክ ላይ ስለማይኖር ነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር፣ ገመዱም ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር አዲስ ይሠራል፤ የተሰጠው ፈቃድ ከአሮጌው ጋር ይሄዳል። ጓደኛዎ ይህን አይቶ ትእዛዙ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ እንዲሠራ የሆነ ቦታ አስገብቶት ከሆነ ፈልጋችሁ አውጡት። በጠቅላላው የዩኤስቢ ማውጫ ላይ ከተሰጠ ማንኛውም አካውንት የተሰካውን ሁሉ፣ ደንበኛ የሰጣችሁን ፍላሽ ጨምሮ፣ በቀጥታ ሊያዝ ይችላል። የሰው ውል፣ ውክልናና የፋይዳ መታወቂያ የሚያልፍበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስክሪፕቱ ውስጥ ሱዶ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። ይሠራል፤ ግን በሩት የሚፈጠረው ፋይል ሁሉ የሩት ንብረት ይሆናል፤ ልጁ ይዘቱን ላስተካክል ሲል ይከለከላል። ያኔ ሌላ ሱዶ ይጨመራል። ትንሽ ቆይቶ ሱቁ በሙሉ በሩት ሲሠራ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሠራተኛው አካውንት በራሱ እንዲገባ ማድረግም የሚመክራችሁ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ስለሚያደርግ ስካነሩ ይከፈታል። ሞኒተርና ኪቦርድ የሰካ ማንኛውም ሰው ያለ ይለፍ ቃል ውስጥ ይገባል ማለትም ነው። የቤት ኮምፒውተር ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ለሱቅ አልመክረውም።

ትክክለኛው መንገድ ፈቃዱን ከወንበሩ አላቆ ለአካውንቱ በቋሚነት መስጠት ነው። ዴቢያን ለዚህ «ስካነር» የሚባል ግሩፕ አዘጋጅቷል። የሴን ፓኬጅ ሲጫን ግሩፑ ይፈጠራል፤ የታወቀ ስካነር ሲሰካም ለግሩፑ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ይሰጠዋል። ዴቢያን ሲጫን የተፈጠረው የመጀመሪያው አካውንት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ግሩፕ ውስጥ ይገኛል። በኋላ የተፈጠረ አካውንት ግን በራሱ አይገባም። ምናልባት እርስዎ በራስዎ አካውንት ሞክረው ሠርቶልዎት፣ «ለልጁ ብቻ ነው እምቢ የሚለው» ብለው ገርሞዎት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሠራተኛውን አካውንት ወደ ግሩፑ ለማስገባት በሱዶ «አድዩዘር» ይበሉ፣ ከዚያ የአካውንቱን ስም፣ ከዚያ «ስካነር»። አለቀ፤ አንድ መስመር ነው።

ይህንኑ ሥራ የሚሠራ «ዩዘርሞድ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ሰው የሚጠቁማችሁም እሱን ነው። እኔ አልመክረውም፤ ምክንያቱም የግል ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አርብ ከሰዓት፣ ወረፋ በሞላበት ጽሕፈት ቤት፣ በዚህ ትእዛዝ አንድ ሰው ወደ ግሩፕ ሳስገባ ትንሿን ኤ ረሳኋት፤ ትልቁን ጂ ብቻ ጻፍኩ። ያቺ ኤ «ጨምር» ማለት ናት። እሷ ከሌለች ትእዛዙ «ከዚህ በቀር ያሉትን ግሩፖች ሁሉ አውጣና ይህን ብቻ ስጠው» ይሆናል። ሰውየው የስካነር ግሩፕ አገኘ፤ ከሱዶ ግሩፕ ወጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ሱዶ የነበረው እሱ ብቻ፣ የሩት ይለፍ ቃል ደግሞ ያልተሰጠበት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ በማገገሚያው በኩል ገብቼ እስክመልሰው ወረፋው ወደ ጎረቤት ሱቅ ተበተነ፤ ባለቤቱም የዚያን ቀን ሒሳብ አልከፈለኝም፣ ልክ ነበር። አድዩዘር ይህ ወጥመድ የለበትም።

ግሩፕ የሚነበበው አካውንቱ ሲገባ ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት በኤስኤስኤች ገብቶ ከሆነ ወጥቶ ካልተመለሰ ለውጡ አይደርሰውም፤ ብዙ ሰው «አስገባሁት፣ አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ወጥቶ ይግባና «አይዲ» ይበል፤ ከሚዘረዘሩት ውስጥ ስካነር የሚለውን ካየ ገብቷል። ከዚያ ጌትኤፍኤሲኤልን ድገሙት። «ግሩፕ፦ ስካነር» የሚል መስመር ከነማንበብና መጻፉ ካለ ሥራው ተጠናቋል።

ያ መስመር ከሌለ ለግሩፑ ፈቃድ የሚሰጠውን ደንብ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ላይድ 110 በሴን የታወቀ ስለሆነ ዴቢያን ላይ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም፤ ግሩፑን የማያዘጋጅ ሌላ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ወይም ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ስካነር ያላችሁ አንባቢዎች ግን ያስፈልጋችኋል። ደንቡ የሚቀመጠው /ኢቲሲ/ዩዴቭ/ሩልስ.ዲ ውስጥ ነው። ስሙን ከ50 በሚበልጥና ከ70 በሚያንስ ቁጥር ጀምሩት፤ የሲስተሙ ጠቅላላ ደንብ 50 ላይ ስለሆነ ከእሱ ቀድሞ የተነበበ ይሻርበታል፤ ለወንበሩ ባለቤት ፈቃድ የሚሰጠው ደንብ ደግሞ 70 ላይ ነው። ይዘቱ አንድ መስመር ነው፦ ሰብሲስተሙ ዩኤስቢ ከሆነ፣ የአምራቹ ቁጥር 04ኤ9 ከሆነ፣ የዕቃው ቁጥር 1909 ከሆነ፣ ግሩፑን ስካነር አድርግ፣ ሞዱን 0660 (ለባለቤቱና ለግሩፑ ብቻ ማንበብና መጻፍ) አድርግ። «ከሆነ» የሚለው በሁለት የእኩል ምልክት፣ «አድርግ» የሚለው በአንድ ነው። ይህን ማቀላቀል ደንቡን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል፤ ስሕተት ብሎ ላይነግራችሁም ይችላል። በአምራቹ ቁጥር ውስጥ ያለችው «ኤ» ፊደል ትንሿ መሆን አለባት፤ ትልቅ ከሆነች አይገጥምም። ከዚያ ዩዴቭ (የተሰኩ ዕቃዎችን ፋይልና ፈቃድ የሚያዘጋጀው አገልግሎት) ደንቦቹን እንደገና እንዲያነብ ይደረግና ገመዱ ተነቅሎ ይሰካል። ሪስታርት ማድረግም ያው ነው።

ችግራችሁ በዚህ ይፈታል። ግን ያ ስክሪፕት ብዙም ደስ አላለኝም። ልጁ ስካኑን ሳያይ ነው የሚያዘው፤ ወረቀቱ ተጣሞ ቢሆን የሚያውቀው ፋይሉን ከከፈተ በኋላ ነው። ላፕቶፑም ሊኑክስ ከሆነ የተሻለ መንገድ አለ። ሴን የተሠራው ስካነር በኔትወርክ ለመጋራት ጭምር ነው። ዴስክቶፑ ላይ «ሳንድ» የሚባለው አገልግሎት ይነሣል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው የስካን ፕሮግራም ስካነሩ እዚያው እንደተሰካ ያየዋል፤ ቅድመ እይታ፣ መቁረጥ፣ ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ማድረግ፣ ሁሉም ባንኮኒው ላይ ይሆናል። ሳንድ የሚሠራው በራሱ አካውንት ስለሆነ ወንበሩ ባዶም ሆነ የተያዘ ግድ የለውም። እሱም በስካነር ግሩፕ ውስጥ መሆን ስላለበት «አይዲ ሳንድ» ብላችሁ አረጋግጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ሴን ዩቲልስ የሚባለው ፓኬጅ መጫኑን አይታችሁ፣ /ኢቲሲ/ሴን.ዲ ውስጥ ባለው የሳንድ ፋይል ላይ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ በአንድ መስመር ጻፉና «ሳንድ.ሶኬት» የሚባለውን በሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን በሚያስነሣው ትእዛዝ) አስነሡ። ላፕቶፑ ላይ እዚያው ማውጫ ውስጥ «ኔት» የሚለው ፋይል ላይ የዴስክቶፑን አድራሻ ጻፉ። ፋየርዎል ካላችሁ 6566 ፖርትን ክፈቱ። ምስሉ የሚያልፈው ግን በሌላ፣ በየጊዜው በሚቀያየር ፖርት ስለሆነ በሳንድ ፋይል ውስጥ የፖርቶቹን ክልል ወስናችሁ እሱንም መክፈት አለባችሁ። ስካነሩ በስሙ ተዘርዝሮ፣ ስካን ሲደረግ ግን ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ የረሳችሁት ይህን ነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ሲመለስ ለዴስክቶፑ ሌላ አድራሻ ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ ላፕቶፑ በድሮው አድራሻ ሲፈልገው ያጣዋል፣ እናንተም የድሮው በሽታ የተመለሰ ይመስላችኋል። ራውተሩ ላይ ለሁለቱም ቋሚ አድራሻ አስይዙ። ሌላው፣ ሳንድ የሚልከው ምስል አይመሰጠርም። ዋይፋዩን ለደንበኛ የምትሰጡ ከሆነ የሰው መታወቂያ በዚያው አየር ላይ ማለፍ የለበትም። ሁለቱን በገመድ አገናኙ፣ አልያም ለደንበኛ የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቱ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ስክሪፕቱ ይሻላል፤ ኤስኤስኤች ቢያንስ ይመሰጥራል።

ይህን ጽሑፍ ተመሳሳይ ችግር ኖሮበት የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው ስካነሩ በሱዶ ሲታዘዝ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው። በሱዶም ከጠፋ ግሩፕ ብትጨምሩ፣ ደንብ ብትጽፉ ፋይዳ የለውም፤ ችግሩ ከፈቃድ በፊት ነው።

ያኔ «ሴን ፋይንድ ስካነር» የሚባለውን ትእዛዝ በሱዶ ሞክሩ። ይህ ድራይቨር ሳይጠይቅ የተሰካውን ብቻ ያያል። እሱም፣ ኤልኤስዩኤስቢም ካላዩት ነገሩ የገመድ፣ የሶኬት ወይም የኃይል ነው። ዲሜሴጅ (የሲስተሙን መልእክቶች የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ ገመዱ ሲሰካ «ኤረር ሲቀነስ 71» ወይም «ሲቀነስ 110» የሚል ካወጣ ኮምፒውተሩ ከዕቃው ጋር መነጋገር ጀምሮ አልተግባቡም ማለት ነው። ላይዶች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከዚያችው የዩኤስቢ ገመድ ነው። መርካቶ በርካሽ የሚሸጠው ረጅሙ ቀጭን ገመድ ወይም ኃይል የሌለው ማከፋፈያ አያደርሳቸውም። ገመዱን አሳጥሩ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው ሶኬት በቀጥታ ሰኩ። ቦርድ ተነክቷል የሚለው ጠጋኝ ትክክል ሊሆን የሚችለው ሌላ ገመድና ሌላ ኮምፒውተር ተሞክሮ በሁሉም ላይ ከጠፋ ብቻ ነው።

ሴን ፋይንድ ስካነር አይቶት ስካንኢሜጅ ግን በሱዶም ካጣው የጎደለው ድራይቨር ነው። /ኢቲሲ/ሴን.ዲ ውስጥ «ዲኤልኤል» የሚለውን ፋይል ክፈቱ፤ የድራይቨሮቹ ስም ተዘርዝሯል፤ የእናንተው ድራይቨር ስም ፊት የመሰላል ምልክት (#) ካለ ተዘግቷል፣ ምልክቱን አጥፉ። የካኖን ላይድ ሞዴሎች በስም ቢመሳሰሉም ድራይቨራቸው አንድ አይደለም። ላይድ 20 እና 30 በፕላስቴክ፣ ላይድ 110፣ 120፣ 210 እና 220 በጀነሲስ፣ ላይድ 300 እና 400 ደግሞ በፒክስማ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አሮጌ ሲስተም ላይ 110 እየሠራ 300 ቢጠፋ አይግረማችሁ፤ ሴኑን ማሳደግ ነው። ከዕቃው ጋር በሲዲ የመጣው የዊንዶውስ ድራይቨር እዚህ ምንም አይሠራም፤ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሣው) አስነሥቶ ለመጫን መድከምም ትርፉ ድካም ነው።

የኤችፒ ባለ ብዙ ሥራ ማሽኖች ጠባያቸው ለብቻው ነው። ሌዘርጄት ኤም1132ን የመሳሰሉት ኤችፕሊፕ ከሚባለው ፓኬጅ ሌላ ኤችፒ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ነገር ይፈልጋሉ። ፕለጊኑ ከኤችፕሊፑ ስሪት ጋር አንድ መሆን ስላለበት አፕዴት በተደረገ ማግስት መጥፋት ልማዱ ነው። እንደገና ለማውረድ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ የሞባይል ዳታ ሳይኖራችሁ አፕዴት አትጀምሩ። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ «አይፒፒ ዩኤስቢ» የሚባል አገልግሎት ዕቃውን ለራሱ ይይዘውና የድሮው ድራይቨር ሲመጣ «ዕቃው ተይዟል» ይለዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። እኔ ድራይቨር የማይጠይቀውን አዲሱን መንገድ፣ ኤርስካን የሚባለውን እመርጣለሁ።

ወደ እርስዎ ሱቅ ልመለስ። ዩፒኤስ መግዛት አለብኝ ወይ ብለው ባይጠይቁም ያስቡታል፤ ግዙ። ግን ለዚህ ችግር ብላችሁ አይደለም። ዩፒኤስ ችግሩ የሚታይበትን ቀን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፤ ባትሪው ያለቀ ዕለት ያው ናችሁ። የሚገዛው መሀል ስካን ላይ መብራት ሲቆረጥ ዲስኩ እንዳይጎዳ ነው፤ ለዚያ ዋጋውን ያወጣል።

ዛሬ ይህን አድርጉ። ጓደኛችሁ ያስገባው ቻሞድና ሱዶ ካለ አውጡ፤ በሩት ስም የተቀመጡትን ፋይሎች ባለቤትነት ወደ ሠራተኛው አካውንት መልሱ፤ አካውንቱን በአድዩዘር ወደ ስካነር ግሩፕ አስገቡ። ሳንድን በሳምንቱ መጨረሻ፣ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ትሞክሩታላችሁ። ከዚያ መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ። ማታ ሱቁን ልትዘጉ ስትሉ ዴስክቶፑን በደንቡ አጥፉት፣ ቆጣሪውን አውርዱ፣ ጥቂት ቆይታችሁ መልሱት፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ካልተነሣ ቁልፉን ተጫኑት። የሞኒተሩን ገመድ አትንኩ፤ ካሜራውን እያሳየ ይቆይ። ልጁ ባንኮኒው ላይ ሆኖ አንድ ወረቀት ያስገባና ስካን ያድርግ። ስካኑ ከወጣ ነገ ጠዋት ገመድ መቀየሩን መተው ትችላላችሁ። ካልወጣ የአይዲንና የጌትኤፍኤሲኤልን ውጤት እንዳለ ገልብጣችሁ ላኩልኝ፤ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ።